ስንት አገባችሁ?

ከቅርጫት ኳስ ሜዳ ላብ በላብ ሆነን ወደ መኝታ ቤታችን ስንመለስ ደጃፍ ላይ የሚቀበለን ጥያቄ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ «ስንት አገባችሁ?» ይሉናል። ትንሽ አስተዋይ የሆነው «አሸነፋችሁ ወይ?» ይላል። «ያንን የተጋጣሚያችሁን ቀልጣፋ ልጅ ማን ያዘው? ዛሬ ለምን ሳያገባ ዋለ?» ብሎ የጠየቀን ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመንም። እኛ ደግሞ በክፍላችን ቡድን ውስጥ የምንሰለፈው በጋርድነት ስለ ሆነ መልሳችን ብዙ ጊዜ «ሁለት» ወይም «አራት» ነው። ጠያቂያችንም ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ ወደ ንባቡ ይመለሳል።

ጨዋታውን ለማያዘወትሩ አንባብያን ነገሩን ባጭሩ እናስረዳ። ጋርድ ማለት ኳሱን ከራሱ ቅርጫት ሥር ተቀብሎ እያነጠረ ወደ ፊት የሚወስድ፣ ለማን መስጠት እንደሚገባው የሚመርጥ፣ ኳሱ በሌላው ወገን እጅ በገባ ጊዜ ደግሞ የተጋጣሚውን ኳስ አመላላሽ እንደ ጥላ የሚከተል ተጫዋች ነው። ድግስ ሲያምር የሚመሰገነው ወጡ ነው፤ ውሃውን የቀዳውና እንጨቱን የፈለጠው ሰው ስሙ አይነሣም። ነገር ግን ውሃና እንጨት ባይኖር የሚመሰገን ወጥ ከየት ይመጣ ነበር?

ይህን ቅሬታ በሆዳችን ይዘን ሳለን ነው የኬ. ሲ. ጆንስን ታሪክ እያነበብን የከረምነው። ስሙን የሚያውቁት ከእናንተ መካከል ጥቂቶች እንደሚሆኑ እንገምታለን። የእርሱ ጓደኛ የነበረውን የቢል ራስልን ስም ግን ብዙዎቻችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነንም ይኸው ነው። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።)

ጆንስ በ1932 በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ ግዛት፣ ቴይለር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የወላጆቹ ትዳር ሲፈርስ እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደች። እዚያም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ካጠናቀቀ በኋላ በ1951 ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዩኒቨርሲቲው የኢየሱሳውያን ካህናት ያቋቋሙት አነስተኛ ትምህርት ቤት ነበር፤ በዚያን ጊዜ የራሱ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ እንኳ አልነበረውም። ተማሪዎቹ ልምምዳቸውን የሚያደርጉት በአንድ ጎረቤት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ስለ ሜዳችን መሰንጠቅና ስለ ቅርጫታችን መረብ መቀደድ ሌት ተቀን ለምናማርር ለእኛ ይህ ጥሩ ማስታወሻ ነው።

ጆንስ በገባበት በ1951 የዚያው ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ዘመኑን ፈጸመ። ወደ ታላቁ የዓመት መጨረሻ ግጥሚያ ለመጋበዝ የቀረበለት ቅድመ ሁኔታ ግን ሁለቱን ጥቁር ተጫዋቾቹን፣ ኦሊ ማትሰንንና በርል ቶለርን፣ ጥሎ እንዲመጣ ነበር። ልጆቹ «ሁላችንም ካልሄድን ማንም አይሄድም» በሚል አቋም ጸንተው ቤታቸው ቀሩ። አዲስ የገባው ዝምተኛ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ሕይወቱን የጀመረው እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ነበር።

ዝምተኛ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ቢል ራስል ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣና ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲያድሩ ተደረገ። ራስል በኋላ ዘመን እንደ ተረከው ጆንስ በመጀመሪያው አንድ ወር ያህል አላነጋገረውም ማለት ይቻላል። እኛ መኝታ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ባልንጀራ ቢመደብልን በሦስተኛው ቀን ክፍል እንዲቀየርልን ማመልከቻ እንጽፍ ነበር። ራስል ግን ታገሠ። ዝምታው ከተሰበረ በኋላ የሁለቱ ጨዋታ ሌት የማይበቃው ሆነ። የሚያወሩትም ስለ ማዕዘንና ስለ አቅጣጫ፣ ኳስ ከሰሌዳው ላይ ተላትማ በየት በኩል እንደምትመለስ፣ አንድን አጥቂ ወደ የትኛው ጎን ቢገፉት ረጅሙ ጓደኛ እጅ ውስጥ እንደሚወድቅ ነበር። የቅርጫት ኳስን ነገር እንደ ጂኦሜትሪ ትምህርት ተቀምጠው አጠኑት። በዚያን ዘመን ብዙዎች ጨዋታ የሚያሸንፈው ማግባት ነው ብለው ሲያምኑ፣ እነዚህ ሁለት ተማሪዎች መከልከልም ራሱን የቻለ ጥበብ መሆኑን በመኝታ ክፍላቸው ውስጥ ደረሱበት።

ከዚያ በኋላ ችግር መጣ። በ1953 መጨረሻ የውድድሩ ዘመን ሲከፈት ጆንስ አንድ ጨዋታ ብቻ እንደ ተጫወተ ትርፍ አንጀቱ ፈነዳና ሆስፒታል ገባ። የዚያ ዓመት ውድድር በዚያው አለፈው። ያቺን አንዲት ጨዋታ አንባቢ በልቡ እንዲይዛት እንለምናለን፤ ወደ ኋላ ዋጋ ታስከፍላለችና።

በ1954 መጨረሻ ጆንስ ድኖ ተመለሰ። አሠልጣኙ ፊል ዉልፐርት ራስልን፣ ጆንስንና ሃል ፔሪን፣ ማለት ሦስት ጥቁር ተጫዋቾችን፣ በመጀመሪያው ሰልፍ ውስጥ አሰለፈ። ይህም በዚያን ጊዜ በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ያልተለመደ ነገር ነበር። በታኅሣሥ ወር ቡድኑ በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. 47 ለ40 ተሸነፈ። ከዚያች ቀን በኋላ ግን በተከታታይ 60 ጨዋታ አሸነፈ። በዚያው ወር ለውድድር ወደ ኦክላሆማ ከተማ በሄዱ ጊዜ የከተማው ሆቴሎች ጥቁሮቹን ተጫዋቾች አናሳድርም አሉ። ነጮቹም ጓደኞቻቸው ሆቴሉን ትተው ሁሉም በአንድነት ለበዓል ተማሪዎች በለቀቁት መኝታ ቤት ውስጥ አደሩ፤ ውድድሩንም አሸንፈው ተመለሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። በመጋቢት 1955 በካንሳስ ሲቲ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የመጨረሻ ግጥሚያ ተደረገ። ተጋጣሚው ያለፈው ዓመት ባለ ድል ላ ሳል ነበር፤ የላ ሳል ኩራት ደግሞ ቶም ጎላ ነበር። ጎላ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ብቻ የሚቀረው፣ እንደ ረጅም ተጫዋች የሚዘል፣ እንደ ጋርድም ኳስ የሚይዝ ባለ ሙሉ ችሎታ ሰው ነበር። ይህን ሰው ራስል ይይዘዋል ተብሎ ሲጠበቅ ዉልፐርት ጆንስን መደበበት። ጆንስ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ አምስት ያህል ነው። ነገሩ ለተመልካች እብደት ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ቀላል ነው። ራስል ጎላን ሊከተል ወደ ውጭ ቢወጣ ቅርጫቱ ባዶውን ይቀራል፤ ጆንስ ጎላን ከያዘ ግን ራስል ከቅርጫቱ ሥር ሆኖ የመጣውን ሁሉ ይመልሳል። በመኝታ ክፍል የተጠናው ጂኦሜትሪ ይኸው ነው።

ጨዋታው 77 ለ63 ተፈጸመ። ጎላ 16 ነጥብ ብቻ አገባ። ራስል 23 አገባ፤ ከቅርጫት የተመለሱ 25 ኳሶችንም ለቀመ። ጆንስ ሰውየውን ይዞ መዋሉ ሳያንስ ራሱ 24 ነጥብ አገባ። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች የሚለው ማዕረግ ግን ለራስል ተሰጠ። እኛ ይህን ስናነብ ተናደን ነበር፤ ጆንስ ተናደደ የሚል ወሬ ግን አላገኘንም።

የሚቀጥለው ዓመት የበለጠ የሚያሳዝንም የበለጠ የሚያስተምርም ነው። ጆንስ በሕመም ምክንያት አንድ ዓመት ስላለፈው ተጨማሪ ዓመት እንዲጫወት ተፈቅዶለት ነበር። በ1955 እና በ1956 መካከል የነበሩትን የመደበኛ ውድድር 25 ጨዋታዎች ሁሉ ቡድኑ አሸነፈ። የመጨረሻው የአገር አቀፍ ውድድር ሲደርስ ግን ሕጉ ጆንስን ከለከለው። ምክንያት? ትርፍ አንጀቱ ከመፈንዳቱ በፊት የተጫወታት ያቺ አንዲት ጨዋታ እንደ ሙሉ ዓመት ተቆጠረችበት! ቡድኑን እስከ ደጃፍ ያደረሰው ሰው ደጃፍ ላይ ቀረ። በቦታው ጂን ብራውን የሚባል ወጣት ተተካ። ቡድኑም የቀሩትን አራት ጨዋታዎች አሸንፎ፣ በመጨረሻም አዮዋን 83 ለ71 ረትቶ፣ ዓመቱን አንድም ሳይሸነፍ በ29 ድል ፈጸመ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግተን ብዙ ጊዜ አሰብን። ሰው በሌለበት ሥራው ከተቃና አያስፈልግም ነበር ማለት ነው? ጥያቄው የጆንስ ብቻ አይደለም። በዚህ መንፈቀ ዓመት የክፍላችን ቡድን ሌላው ጋርድ ልምምድ መምጣት አቆመ። ከእኛ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን የተጫወተ ልጅ ነው። ምክንያቱን ብንጠይቀው «የማይቆጠር ሥራ ሰለቸኝ፤ እኔ ብኖርም ባልኖርም ለውጥ የለውም» አለን። ያን ዕለት የምንመልስለት ቃል አጣን። ያለ እርሱ ባደረግናቸው ሁለት ጨዋታዎች አንዱን አሸነፍን፤ ይህንንም እንደ ማስረጃ ጠቀሰልን።

ዛሬ ግን መልስ ያገኘን ይመስለናል። ጂን ብራውን ከሰማይ አልወረደም። ያን ዓመት ሙሉ በልምምድ ሜዳ ላይ ከአገሪቱ ዋና ኳስ ነጣቂ ጋር የዋለ ልጅ ነው። ከጆንስ ጋር ሲለማመድ የከረመ ሰው በአዮዋ ጋርዶች ፊት ምን ያስፈራዋል? ጽኑ ተጫዋች መኖሩ የሚታወቀው በሌለበት ጊዜ ሁሉ ነገር ሲፈርስ ነው ይባላል። እኛ ግን እንዲያውም ተቃራኒውን እናስባለን። ሰው በሌለበት ጊዜ የማይፈርስ ነገር ሠርቶ ከሄደ ከዚያ የሚበልጥ ምስክር የለውም። የእኛም ቡድን ያቺን አንዲት ጨዋታ ያሸነፈው የሄደው ጓደኛችን ለታናናሾቹ ያስተማራቸውን አቋቋም ይዞ ነው፤ ይህንንም በዓይናችን አይተናል።

በዚያው በ1956 ኅዳር፣ ጆንስና ራስል ለአገራቸው ተመርጠው ወደ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ሄዱ። በመጨረሻው ግጥሚያ የሶቪየት ኅብረትን ቡድን 89 ለ55 አሸንፈው የወርቅ ሜዳልያ ወሰዱ። የሜልቦርን ስም ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሰለፈችው በዚያው ውድድር ነውና። ከእኛ ሯጮች መካከል ማሞ ወልዴ ነበረ፤ ያለ ሜዳልያም ተመለሰ። በዚያ ዓመት «ስንት አገባህ?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚለው አልነበረውም። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ በሜክሲኮ የማራቶንን ወርቅ ያጠለቀው ግን ይኸው ሰው ነው። ሁለቱ ሰዎች መተዋወቃቸውን አናውጅም፤ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ወር፣ ሁለት የትዕግሥት ሰዎች መገኘታቸው ግን ደስ አሰኝቶናል።

የቀረውን ታሪክ ፈጠን ብለን እንለፈው። ጆንስ ሁለት ዓመት በውትድርና አገልግሎ በ1958 ራስል ወደሚጫወትበት ወደ ቦስተን ሴልቲክስ ገባ። እዚያም በቦታው የሚሰለፈው የተደነቀው ቦብ ኩዚ ስለ ነበረ፣ ኩዚ በ1963 ጨዋታ እስኪያቆም ድረስ ጆንስ ብዙውን ጊዜ የተቀመጠው በተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 7.4 ነጥብ ብቻ አገባ፤ ወደ ቅርጫት ከወረወራቸው አሥር ኳሶች አራቱ እንኳ አይገቡለትም ነበር። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ግን ቡድኑ ስምንት ጊዜ ዋንጫ ወሰደ። የዩኒቨርሲቲ፣ የኦሎምፒክና የባለሙያዎቹን ዋንጫ፣ ሦስቱንም የያዙ ተጫዋቾች በታሪክ እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ጆንስ አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ አንድ ምሽት በመኝታ ቤታችን ስንተርክ የክፍላችን ባልደረባ የሆነ የምጣኔ ሀብት ተማሪ አቋረጠን። «ወንድሞቼ፣ ራስል ባይኖር ጆንስን ማን ያውቀው ነበር? እናንተ የምታወሩት በትልቅ ዛፍ ሥር ስለ በቀለች ሣር ነው» አለን። ሳቅ ሆነ። ነገሩ ግን በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። ራስል ታላቅ መሆኑን ማን ይክዳል? ነገር ግን ታላቁ ሰው ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ ታላቅ ሊሆን የቻለው ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚጠብቅለት ሰው ስለ ነበረው ነው። ደግሞም ስሌት ከተፈለገ በዚያ የ1955 ምሽት ከሁለቱ መካከል አንድ ነጥብ አብልጦ ያገባው ሣሩ ነው እንጂ ዛፉ አይደለም። የምጣኔ ሀብቱ ተማሪ ለዚህ ቁጥር መልስ አላገኘም፤ እንቅልፉ መጣ።

ሌላው ክርክር ግን ከእኛ ከራሳችን የመነጨ ነው፤ ከባዱም እርሱ ነው። ዝምታ ሁልጊዜ በጎ ነው ወይ? ጆንስ መጫወት ካቆመ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። በ1975 የሚመራው የዋሽንግተን ቡድን 60 ጨዋታ አሸንፎ እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደረሰ፤ እዚያም በጎልደን ስቴት 4 ለ0 ተሸነፈ። በዚያ ጊዜ የቴሌቪዥን ካሜራ የዕረፍት ምክክራቸውን ሲያሳይ ረዳቱ በሰሌዳ ላይ ሲስል፣ ጆንስ ደግሞ ዝም ብሎ ሲያይ ታየ። አንድ ምክትል ሥራውን ሲሠራ ማየቱ በራሱ ነውር የለበትም፤ ወሬው ግን «ይህ ሰው ቡድን መምራት አይችልም» የሚል ሆነ። በ1976 ከሥራው ተሰናበተ። እንደገና ዋና አሠልጣኝ ለመሆን ሰባት ዓመት ያህል ጠበቀ።

ስለዚህ ለዝምታ መዝሙር አንዘምርም። ዝም ያለ ሰው ታሪኩን ሌሎች ይጽፉለታል፤ ሲጽፉለትም ብዙ ጊዜ አሳስተው ነው። በግቢያችንም ዝምታን እንደ ካባ ለብሰው ሥራ የሚሸሹ እንዳሉ እናውቃለን። በስብሰባ ላይ አሳባቸውን የማይሰጡ፣ ኋላ በመኝታ ቤት ግን አንደበታቸው የሚፈታ «ጨዋዎች» አሉ። የጆንስ ዝምታ የዚህ ዓይነቱ አይደለም። እርሱ አፉን ዘግቶ እግሩን አንቀሳቀሰ፤ እነዚህ ግን ሁለቱንም ዘግተዋል። ልዩነቱ የሚታወቀው «ዛሬ ማንን ያዝህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

በ1983 የቦስተን ቡድን ለጆንስ የዋና አሠልጣኝነቱን ወንበር ሰጠው። ላሪ በርድን የመሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾችን ይዞ በ1984 እና በ1986 ሁለት ዋንጫ ወሰደ። የ1986ቱ ቡድን በመደበኛው ዓመት 67 ጊዜ አሸንፎ 15 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። ያ ሰው ጠባዩን ለውጦ ጮኾ አልነበረም ያሸነፈው፤ ያው እንደ ጋርድ ሆኖ ነው። ማን ኳስ እንደሚፈልግ፣ ማን ብቻውን ቢተዉት እንደሚሻል ያውቅ ነበር። በ1989 ስሙ በቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ውስጥ ገባ፤ በ2020 በገና ዕለት በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ሁሉ እኛ የያዝነው አንድ ነገር ነው። ቆጠራ ክፉ ነገር አይደለም፤ ክፋቱ ለመቁጠር የቀለለውን ብቻ መቁጠራችን ነው። የገባው ኳስ ይቆጠራል፤ ያልገባው፣ ማለት እንዳይገባ የተደረገው፣ አይቆጠርም። በፈተና ያገኘነው ውጤት ይለጠፋል፤ በሌሊት ለታመመ ጓደኛው ማስታወሻ ሲገለብጥ ያነጋው ተማሪ ስም ግን የሚለጠፍበት ሰሌዳ የለም። ይህች መጽሔት እንኳ በእጃችሁ የገባችው የጽሑፍ ባለቤቶች ስማቸው በየገጹ ስለ ታተመ አይደለም። ስቴንስሉን የመታ፣ ከማባዣው መኪና ጋር ሲታገል እጁ በቀለም የጠቆረ፣ ገጹን ቆጥሮ ስፌት የሰፋ ሰው ስላለ ነው። ለእነርሱ እጅ ብንነሣ ከእኛ የሚጎድል ነገር የለም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ከምናውቃቸው አንባብያን ሁሉ ይልቅ አንዱ እንዲያነበው እንፈልጋለን፤ ስሙን እኛም እርሱም እናውቃለንና መጻፍ አያስፈልግም። ወንድማችን፣ ባለፈው መንፈቀ ዓመት ከምህንድስና ክፍል ጋር ስንጋጠም የያዝከው ልጅ ስንት እንዳገባ እኛ ቆጥረናል። ሦስት ነጥብ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ ያው ልጅ ሃያ አንድ አግብቶ ነበር። ቀሪውን አሥራ ስምንት ነጥብ በስምህ መዝግበን ይዘነዋል። በመጪው ሐሙስ በአሥራ አንድ ሰዓት ከምህንድስና ጋር እንደገና እንገጥማለን፤ ልጁም ደህና ነው፣ አልታመመም።